ቶማስ ኤዲሶን፤ መብራቱንና መቁረጫውን አብሮ ያሰበ ሰው

የኤሌክትሪክ መብራት በተነሣ ቍጥር የቶማስ አልቫ ኤዲሶን ስም አብሮ ይነሣል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በአምፖሉ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ከአምፖሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ኤዲሶን በግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፈው ሽቦ የደከመው ድካም ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኤዲሶን በ1847 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በምትባል ከተማ ተወለደ። በትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለ ነበረ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረችው እናቱ በቤት አስተማረችው። በ12 ዓመቱ በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ፤ በዕቃ መጫኛው ፉርጎም ውስጥ ትንሽ የኬሚስትሪ መሞከሪያ አበጀ። አንድ ቀን ፎስፎር ወድቆ ፉርጎውን ስላቀጣጠለው፣ የባቡሩ ሹም ልጁን ከነጠርሙሶቹ አወረደው። በዚህም ትንሽ ቸልተኝነት ትልቅ እሳት እንደሚያስነሣ ገና በልጅነቱ አየ።

ከዚያም የቴሌግራፍ ሙያ ተምሮ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ከሠራ በኋላ፣ በ1876 ዓ.ም. በኒው ጀርዚ ግዛት በመንሎ ፓርክ የምርምር ቤት አቋቋመ። በ1879 ዓ.ም. ከሰል የሆነ የጥጥ ክር አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ለብዙ ሰዓት እንዲያበራ አደረገ።

ኤዲሶን ግን በዚህ አላበቃም። ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ሲገባ ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ፣ ኀይሉ ከመጠን በላይ ፈስሶ ሽቦውን እንደሚያግለውና ቤቱን እንደሚያቃጥል ተረዳ። ስለዚህ በመስመሩ መካከል ከሌላው የቀጠነ አጭር ሽቦ አስገባ። ኀይሉ ከልክ ሲያልፍ ይህ ቀጭን ሽቦ አስቀድሞ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል፤ ቤቱም ይድናል። የቀለጠው ጠብታ በምንጣፍ ላይ እንዳይወድቅም በመያዣ ውስጥ ከተተው። ለዚህ ሥራው በግንቦት ወር 1880 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዛሬ ፊውዝ የምንለው የዚሁ ዓይነት ነው።

አደጋው ግን በሐሳብ ብቻ የሚታይ አልነበረም። ኤዲሶን በኒው ዮርክ በባለጸጋው በዊሊያም ቫንደርቢልት ቤት መብራት ባስገባበት ምሽት፣ የሥዕል አዳራሹ ግድግዳ የብረት ክር በተሸመነበት ሐር ተለብጦ ነበር። ሽቦዎቹ ከዚህ ክር ጋር ተነካክተው ልባሱ መጋል ጀመረ። በቦታው የነበረው ኤዲሶን ነገሩን ወዲያው ተረድቶ ኀይሉን ስላስቆረጠ እሳቱ ጠፋ። የቤቱ እመቤት ግን ከምድር ቤት የእንፋሎት ማሞቂያ መኖሩን በሰማች ጊዜ በዚያ ላይ አልኖርም ስላለች፣ የገባው ሁሉ ተነቅሎ ወጣ። የባንክ ባለቤቱ የሞርጋን ቤትም እንዲሁ ከሽቦ በተነሣ እሳት የሥራ ጠረጴዛውንና ምንጣፉን አጥቷል። ሞርጋን ግን መብራቱን አልተወም፤ እንደገና በደንብ እንዲሠራለት አደረገ እንጂ።

በመስከረም 4 ቀን 1882 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የፐርል ጎዳና ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኤዲሶን ሽቦውን በእንጨት ምሰሶ ላይ አልሰቀለም፤ የመዳብ ዘንጎችን በብረት ቧንቧ አስገብቶ፣ በሬንጅ፣ በተልባ ዘይት፣ በፓራፊንና በጥቂት ሰም ድብልቅ ሞልቶ፣ ከመንገድ በታች ቀበራቸው። በዚህም አላፊ አግዳሚው ከአደጋ ተጠበቀ።

ታላቅ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለውና፣ ኤዲሶን አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ አደገኛ ነው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ይሁን እንጂ ወደ ሩቅ ቦታ በቀላሉ የሚሄደው ይኸኛው ስለ ሆነ ዓለም እርሱን መረጠ። ዛሬ በቤታችን ያለውም ይኸው ነው፤ ኀይሉም 220 ቮልት ስለ ሆነ ከኤዲሶን 110 ቮልት እጥፍ ነው። የፊውዙ ሐሳብ ግን ለዚህኛውም አገልግሏል። በ1897 ዓ.ም. የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ወጥቶ፣ በቤት ውስጥ ሽቦ የሚዘረጋ ሁሉ የሚከተለው ሥርዐት ተወሰነ። ኤዲሶንም በ1931 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት የምታስብ ወጣት ሆይ፣ ቀለሙንና መጋረጃውን ከመምረጥህ በፊት ስለ ሽቦው ጠይቅ። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ስሕተቱ አይታይም፤ የሚታየው እሳቱ ነው። ሽቦው የሚሸከመውን ኀይል የሚችል ውፍረት ይኑረው፤ መጋጠሚያውም በሙያተኛ እጅ ይታሰር። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ ምክንያቱን ሳይመረምሩ በወፍራም ሽቦ ወይም በሚስማር መተካት፣ ሌባ በመጣበት ሌሊት ዘበኛውን እንደ ማሰር ያለ ነው። በዛሬ ቤቶች በፊውዝ ፈንታ የገባው ብሬከርም ደጋግሞ ሲወርድ የሚናገረው ነገር ስላለው ሊሰሙት ይገባል።

ኤዲሶን ብርሃንን ወደ ቤት ሲያስገባ፣ አደጋ በመጣ ጊዜ የሚቆርጠውንም አብሮ አስገብቷል። ብርሃን የሚፈልግ ቤተ ሰብ ሁለቱንም ይፈልጋል።