ሂካ፣ የማታ ጨዋታን ማንበቢያ ያደረገ መምህር

በዛሬው አምዳችን የምናወሳው ብዙዎቻችን በስሙ ብቻ የምናውቀውን ሰው ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ይባላል፤ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በኋላም ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ።

መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሣ ግን ከባድ ችግር ገጠመው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ የአዋቂውን ንግግር፣ የሽማግሌውን ምሳሌያዊ አነጋገር እንደልቡ አያውቀውም ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? የተማርኩ ነኝ ብሎ አልተኮፈሰም፤ ከእሱ ይልቅ ቋንቋውን ጠንቅቃ ከምታውቀው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠራ። አስቴርም እንደሱ በባርነት ተይዛ በ1886 ነፃ የወጣች ናት። ቃላቱን ለቀመች፤ ማታ ማታ እሳት ዳር የሚባለውን ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በወረቀት አሰፈረች። በ1894 በግዕዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ከዚሁ ሀብት የተቀዳ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ወጣ።

በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጆቹን በገዛ ቋንቋቸው አስተማሩ። ይሁንና በ1906 ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሶ እንዳይሰብክ ታገደ። የመስበክ ፈቃድ ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1916 በልጅ ኢያሱ ነው። ነቀምቴ ላይ ያረፈውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ እኛ ሠልጣኞች ከዚህ ምን እንውሰድ? ለማስተማር ልምምድ ወደ ጉቴ ስንወጣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም ብለን እናማርራለን። የአንደኛ ክፍሉ ሕፃን ግን ባዶውን አይመጣም፤ ከአያቱ የሰማውን ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ይዞ ይመጣል። እስቲ እናስነግረው፤ ሰሌዳው ላይ እንጻፍለትና ራሱ ያንብበው። ያላወቅነው ቃል ካለም እሱን መጠየቅ አያሳፍርም።