ንጉሥ አብዱልአዚዝና የቀኝ መሪው ሮልስ ሮይስ

የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1924 መካን፣ በ1925 ጅዳን ሲይዙ፣ ሐጃጆች በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሱት በአብዛኛው በግመል ነበር። መኪና የተስፋፋው በእርሳቸው ዘመን ነው።

በየካቲት 1945 ከጅዳ በአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ ግብፅ ተጉዘው ከሩዝቬልት፣ ቀጥሎም ከቸርችል ጋር ተገናኙ። ቸርችል ቃል የገቡላቸው ሮልስ ሮይስ ፋንተም 3 በ1946 ደረሰ። ባለ 12 ሲሊንደሩ መኪና በእንግሊዝ ልማድ መሪው በቀኝ ነበር፤ የአሜሪካው ካዲላክ መሪ ግን በግራ ነው። ንጉሡ ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ ይወዱ ነበርና በእንግሊዙ መኪና የሚደርሳቸው የግራው ወንበር ሆነ፤ በዓረቦች ዘንድ ደግሞ የክብር ስፍራ ቀኝ ነው። ስለዚህም መኪናውን ለወንድማቸው ለአብደላህ እንደ ሰጡ ይነገራል።

ንጉሡ በ1953 በጣኢፍ አረፉ። የስጦታው ታሪክ ግን የተቀባዩን ልማድ ማወቅ ከውድ ዋጋ እንደሚበልጥ ዛሬም ያስታውሳል።