ባለፈረሱ መሐለቅና ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል

የኢጣልያ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ ኖቬምበር 11 ቀን 1869 በናፖሊ ከተማ ተወለደ፤ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አልጋ ወራሽ ሳለም የማዕርግ ስሙ የናፖሊ ልዑል ነበረ። ቁመቱ አጭር፥ ጠባዩ ዝምተኛ ስለ ነበር ጨዋታውና ደስታው ከልጅነቱ ጀምሮ የጥንት መሐለቅ መሰብሰብ ሆነ። በ1896 የአባቱ ሠራዊት በዐድዋ ድል ሲሆን እርሱ የ26 ዓመት ጐልማሳ ነበር። በ1900 አባቱ ኡምቤርቶ በሞንዛ በሰው እጅ ሲገደል ዙፋኑን ወረሰ።

ከነገሠም በኋላ መሰብሰቡን አልተወም። ከምዕራብ ሮማ መንግሥት ውድቀት ወዲህ በኢጣልያ የተቀረጹትን፥ ኢጣልያውያንም በሌላ አገር ያስቀረጹትን መሐለቆች እያስፈለገ ከ100,000 በላይ አከማቸ። የእያንዳንዱን ከተማና ገዢ፥ ሥዕልና ጽሕፈት፥ ማዕድንና ክብደት እያስመዘገበ ከ1910 እስከ 1943 ድረስ 20 ታላላቅ ቅጾች አሳተመ። የዘርፉ ሊቃውንት ዛሬም ይህን መጽሐፍ ሳያዩ አይሠሩም።

ፈረስ የተቀረጸበትን መሐለቅ ለሚሰበስብ ሰው የናፖሊ ክፍል የተለየ ዋጋ አለው። የናፖሊ ንጉሥ ቀዳማዊ ፌርዲናንድ በ1472 ያስወጣት ትንሽ የመዳብ መሐለቅ በአንድ ገጿ ልጓም የሌለው ፈረስ ስለ ነበረባት ሕዝቡ ካቫሎ፥ ማለት ፈረስ፥ ብሎ ጠራት። በፈረሱ ዙሪያ የተጻፈው ቃል የመንግሥትን ትክክለኛ ፍርድ የሚያመለክት ነበር፤ በላቲን ቋንቋ ፈረስ ኤኩዉስ፥ ትክክለኛ ፍርድ ኤኩዊታስ ስለሚባል ሁለቱ ድምፃቸው ይቀራረባል። ስለዚህ ድኻው ዳቦ ሲገዛ በእጁ የሚይዛት መሐለቅ፥ ንጉሥ ያለ ፍርድ ንጉሥ እንዳልሆነ የምታስታውስ ነበረች።

ቪክቶር ኢማኑኤል ራሱም ፈረስን በገንዘቡ ላይ አስቀርጿል። ከ1908 ጀምሮ በወጡት የብር ሊራዎች ላይ አራት ፈረሶች ሠረገላ ይስባሉ። በኦክቶበር 1922 ግን ፋሺስቶች ወደ ሮማ ሲገሠግሡ ሚኒስትሮቹ ያቀረቡለትን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አልፈርምም ብሎ መንግሥቱን ለሙሶሊኒ አስረከበ። በኦክቶበር 1935 ጦሩ ኢትዮጵያን ወረረ፤ የመርዝ ጢስም ነሰነሰ። ሜይ 9 ቀን 1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ታወጀለት። በዚያው ዓመት በወጣው ባለ 20 ሊራ ብር ላይ በአንዱ ገጽ የማይገባው ማዕርግ፥ በሌላው ገጽ ባለአራት ፈረስ ሠረገላ ተቀረጸ። በፌብሩዋሪ 1937 በአዲስ አበባ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ሲታረዱ ያ ማዕርግ በእርሱ ላይ ነበረ። በ1938ም በአይሁድ ዜጎቹ ላይ የወጣውን የዘር ሕግ ፈረመ።

ካቫሎ የተመዘገበችበት 19ኛው ቅጽ የታተመው በ1940 ነው፤ በዚሁ ዓመት በጁን ወር ኢጣልያ ወደ ዓለም ጦርነት ገባች። በሜይ 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቪክቶር ኢማኑኤልም ሜይ 9 ቀን 1946፥ ንጉሠ ነገሥት በተባለበት ቀን ልክ በ10ኛው ዓመት፥ ዙፋኑን ለቀቀ። መሐለቆቹን ለኢጣልያ ሕዝብ ትቶ ወደ ግብጽ ተሰደደ፤ ዲሴምበር 28 ቀን 1947 በእስክንድርያ ሞተ። ስብስቡ ዛሬ በሮማ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ይህ ሰው በሙያው ትጉህና ጠንቃቃ እንደ ነበር የሚክድ የለም። የትንሿን መሐለቅ ክብደት በጥንቃቄ አስመዘነ፤ በላይዋ የተጻፈውን ግን በሥራው አልመዘነበትም። ዕውቀት ከሕሊና ሲለይ ምን እንደሚሆን ለተማሪ ለማስረዳት ከሕይወቱ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።