ሙሽታቅ ዓሊ፦ መራጮች ያስቀሩት፣ ሕዝብ ያስመለሰው መቺ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው በዕረፍት ቀን ማለዳ ወጣ ካለ፣ በሕንፃዎች መካከል በቀረ አሸዋማ ሜዳ ላይ የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የባንግላዴሽና የስሪላንካ ተወላጆች ክሪኬት ሲጫወቱ ማየቱ አይቀርም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ክርክር ይነሣል። ማን ይሰለፋል? ማን ይቀራል? ዱላውን ይዞ ቀድሞ የሚገባውስ ማን ነው? ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ተራ ጭቅጭቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የክሪኬትን ያህል ዕድሜ ያለው፣ አለቃን ከተጫዋች ያጣላ፣ ሕዝብን ለተቃውሞ ያስነሣ ጉዳይ ነው። የቡድን ምርጫና የመቺዎች ተራ በአንድ ሰው ዕድል ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳላቸው ለመረዳት የሚሻ ሁሉ የሕንዳዊውን የሰይድ ሙሽታቅ ዓሊን ሕይወት ቢመለከት ይጠቀማል።

ሙሽታቅ ዓሊ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1914 በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው የኢንዶር ከተማ ተወለደ። አባቱ በፖሊስ አገልግሎት ውስጥ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ኢንዶር በዚያ ዘመን የሆልካር መሳፍንት መናገሻ ስትሆን፣ መሳፍንቱ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ሆነው አገራቸውን ያስተዳድሩ ነበር። በዚሁ ከተማ በሆልካር ሠራዊት ውስጥ መኮንን የነበረው ሲ. ኬ. ናዩዱ ይኖር ነበር። ናዩዱ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1932 ለንደን በሚገኘው በሎርድስ ሜዳ የመጀመሪያውን የቴስት ጨዋታዋን ባደረገች ጊዜ ቡድኑን የመራ ሰው ነው። ይህ ሂንዱ መኮንን የሙስሊሙን ልጅ ተሰጥኦ ገና በለጋነቱ አይቶ እንደ ታናሽ ወንድም አቀረበው፤ ጨዋታውንም አስተማረው። በዚያው ዘመን በቦምቤይ ይካሄድ የነበረው ታላቁ ውድድር ሂንዱዎችን፣ ሙስሊሞችን፣ ፓርሲዎችንና አውሮፓውያንን በየሃይማኖታቸውና በየወገናቸው የሚያሰልፍ እንደነበረ ስናስታውስ፣ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ወዳጅነት ትርጉሙ ከጨዋታ በላይ ይሆናል።

የነገሩ ሥር እንዲገባን ስለ ቴስት ክሪኬት ጥቂት ማለት ይገባል። በእያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። መቺዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ሲወጣ ተረኛው ይተካዋል። አሥሩ ሲወጡ የዚያ ወገን ዙር ያበቃል። በመጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ መክፈቻዎች ኳሷ ገና አዲስና ጠንካራ ሳለች፣ ፈጣኖቹ ወርዋሪዎችም ሳይደክሙ የሚጋፈጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ኳሷ ለስልሳ፣ ወርዋሪው ደክሞ ያገኛሉ። መጨረሻ ላይ የሚገቡት ደግሞ ብዙ ሩጫ የማይጠበቅባቸው ወርዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ አንድን ተጫዋች በስንተኛ ተራ እንዲገባ ማዘዝ ምን ያህል እንደሚታመን መናገር ነው። ከፍ ማድረግ ሹመት፣ ዝቅ ማድረግ ሽረት ሊሆን ይችላል።

ሙሽታቅ ለሕንድ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1934 በካልካታ፣ የእንግሊዝ ቡድን በዳግላስ ጃርዲን መሪነት ሕንድን በጎበኘ ጊዜ ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር። የተመረጠውም በግራ እጁ ኳስን እያሽከረከረ የሚወረውር በመሆኑ እንጂ በመቺነቱ አልነበረም። የመጀመሪያ ምርኮውም ራሱ ጃርዲን ሆነ። ነገር ግን ይህ በግራ የሚወረውር ወጣት ዱላውን የሚይዘው በቀኝ ነበር፤ ዱላውንም ሲይዝ ከተለመደው ሥርዓት ይወጣ ነበር። ቁመተ ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ አንገቱ ላይ መሐረብ አስሮ ይገባል። ወደ ፈጣን ወርዋሪ እየሮጠ ወደፊት ይወጣል፤ ከቀኝ በኩል የመጣችውን ኳስ የእጁን አንጓ አዙሮ ወደ ግራ ይሰዳታል። የመማሪያ መጽሐፍ የሚከለክለውን ሁሉ ያደርግ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1936 የሕንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ የምርጫ ጉዳይ ወደ ቀውስ ተለወጠ። የቡድኑ አለቃ ሆኖ የተሾመው ናዩዱ ሳይሆን የቪዚያናግራም መስፍን ልጅ ነበር፤ በአጭሩ ቪዚ ይሉታል። ሹመቱን ያገኘው በሀብቱና በደጅ ጥናት እንጂ በችሎታው አልነበረም። በሦስቱ የቴስት ጨዋታዎች በድምሩ 33 ሩጫ ብቻ ማስመዝገቡ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ቡድኑ የናዩዱ ወገንና የአለቃው ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አለቃው ማን እንደሚሰለፍና ማን ቀድሞ እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣኑን ወዳጅ ለመሸለምና ተቃዋሚን ለመቅጣት ተጠቀመበት።

የዚህ የመጀመሪያው ሰለባ ላላ አማርናት ሆነ። አማርናት እ.ኤ.አ. በ1933 ለሕንድ በቴስት ጨዋታ መቶ ሩጫ ያስመዘገበ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በዚያ ጉዞም ከቡድኑ ሁሉ የላቀ ብቃት ላይ ይገኝ ነበር። በሎርድስ በተደረገ አንድ የልምምድ ጨዋታ ላይ መከላከያውን አስሮ ተራውን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አንድ በአንድ ከፊቱ እንዲገቡ ተደረገ፤ እሱም ቀኑ እስኪመሽ ተቀምጦ ዋለ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲመለስ ንዴቱን በቃላት ገለጸ። አለቃውና የቡድኑ መሪ ከመጀመሪያው የቴስት ጨዋታ በፊት በመርከብ ወደ አገሩ ሰደዱት። በቦምቤይ ዋና ዳኛ በሰር ጆን ቦሞንት የተመራ ኮሚቴ በኋላ ጉዳዩን መርምሮ የአለቃውን አመራር ነቀፈ። ፍርዱ ግን ለዚያ ክረምት አልደረሰም፤ ሕንድ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያለ ምርጥ ተጫዋቿ ገብታ ተሸነፈች።

ሙሽታቅ የናዩዱ ልጅ ተብሎ የሚታወቅ ስለነበረ በዚህ ቡድን ውስጥ ኑሮው ቀላል አልነበረም። በሎርድስ ጨዋታውን የከፈቱት ቪጄይ መርቻንትና በረኛው ሂንድሌካር ነበሩ። ለሁለተኛው ጨዋታ በማንችስተር ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ሲደርሱ ግን ሂንድሌካር አልተሰለፈም፤ ሙሽታቅም ከመርቻንት ጋር እንዲከፍት ተደረገ። ሁለቱ በጠባይ እሳትና ውሃ ነበሩ። መርቻንት ትዕግሥተኛ፣ ሥርዓት የማይለቅ፣ እያንዳንዷን ኳስ መዝኖ የሚመታ ነው። ሙሽታቅ ደግሞ ኳሷ ሳትደርስ ሊቀበላት የሚሮጥ ነው።

ሕንድ በመጀመሪያው ዙር 203 ሩጫ ብቻ አስመዝግባ ወጣች፤ ሙሽታቅም በሩጫ ላይ ተይዞ በ13 ተሰናበተ። እንግሊዝ በዋሊ ሃሞንድ 167 ታግዛ ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ወጥተውባት 571 ላይ ዙሯን ዘጋች። ሕንድ በ368 ሩጫ ትመራ ነበር፤ ጨዋታው በዚያ ዘመን የሦስት ቀን ስለነበረ፣ ሽንፈትን ለማምለጥ እስከ ማግስቱ ማታ መቆም ያስፈልጋት ነበር።

የክሪኬት ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያወሱት ነገር የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። አለቃው ሙሽታቅን ለብቻው ጠርቶ፣ መርቻንትን በተሳሳተ የሩጫ ጥሪ እንዲያስወጣው ጠየቀው። ሙሽታቅ ወደ ሜዳው አብረው ሲገቡ ነገሩን ለመርቻንት ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁና ቦታቸውን ያዙ። ይህ ወሬ በዝርዝሩ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ የታየው በመዝገብ የተጻፈ እውነት ነው። ቀኑ ሲያልቅ ሁለቱ ሳይወጡ 190 ሩጫ ላይ ደርሰው ነበር። ሙሽታቅ በዚያው ምሽት መቶውን አልፏል። ወደ መቶ ሲቃረብ ተቃራኒው ሃሞንድ ቀርቦ እንዲረጋጋና መጀመሪያ መቶውን እንዲጨብጥ በወንድምነት መክሮት እንደነበር ሙሽታቅ ራሱ በኋላ ያስታውስ ነበር። በዚያ ቀን ሁለቱ ወገኖች በድምሩ 588 ሩጫ አስመዘገቡ፤ ይህም እስከ ዛሬ በቴስት ታሪክ በአንድ ቀን የተመዘገበ ከፍተኛው ቁጥር ነው።

በማግስቱ ሙሽታቅ በ112፣ መርቻንት በ114 ወጡ። ሁለቱ አብረው 203 ሩጫ አስመዝግበው ነበር፤ ይኸውም ሕንድ በመጀመሪያው ዙር በሙሉ ቡድኗ ያስመዘገበችው ቁጥር ነው። ጨዋታው ያለ አሸናፊ ተፈጸመ። ሙሽታቅም ከሕንድ ምድር ውጭ በቴስት ጨዋታ መቶ ያስመዘገበ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ወርዋሪ ተብሎ የተመረጠው ወጣት በተራ ለውጥ ምክንያት የአገሩ ታላቅ መክፈቻ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ዓለም በጦርነት ተያዘች። ሕንድ ከ1936 እስከ 1946 አንድም የቴስት ጨዋታ አላደረገችም። ሙሽታቅ ከሃያ አንድ እስከ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ያለው፣ የአንድ ስፖርተኛ ጉልበትና ብስለት የሚገናኙበት ዘመን እንዲሁ አለፈ። በአገር ውስጥ ግን ለሆልካር ቡድን መጫወቱን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1945 ከቦምቤይ ጋር በተደረገው የራንጂ ዋንጫ ፍጻሜ በመጀመሪያው ዙር 109፣ በሁለተኛው 139 ሩጫ አስመዘገበ። በጦርነቱ ምክንያት በሕንድ የነበረው እንግሊዛዊ ዴኒስ ኮምፕተንም ከጎኑ ተሰልፎ ሳይወጣ 249 ደረሰ። ሆኖም ሆልካር ተሸነፈ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የአውስትራሊያ ሠራዊት ቡድን ሕንድን ሲጎበኝ፣ መራጮቹ ለካልካታው ጨዋታ ሙሽታቅን አስቀሩት። የካልካታ ሕዝብ ሙሽታቅን እንደ ራሱ ልጅ ይወደው ነበር። ተመልካቹ የመራጮቹን ሰብሳቢ ዱሊፕሲንህጂን ከብቦ፣ ሙሽታቅ ካልተሰለፈ ጨዋታው እንደማይካሄድ በጩኸት አሳወቀ። ዱሊፕሲንህጂ ለእንግሊዝ የተጫወተ፣ በጨዋነቱ የተከበረ ሰው ነበር፤ ሆኖም ከሕዝቡ ቁጣ ፊት ውሳኔው ሊጸና አልቻለም። ሙሽታቅ ወደ ቡድኑ ተመለሰ።

ስለዚህ ድርጊት መፍረድ ቀላል አይደለም። የመራጮች ውሳኔ በጩኸት የሚሻር ከሆነ፣ ነገ የሚጮኸው ሁሉ ቡድን ሊሠራ ነው። መራጮቹም ያለ ምክንያት አልነበሩም፤ በመጀመሪያዋ ኳስ ሊወጣ የሚችልን ሰው መክፈቻ ማድረግ ለሌሎቹ ሸክም ነው። በሌላ በኩል ምክንያቱን ለማንም የማያስረዳ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አማርናትን በመከላከያው አስቀምጦ ያዋለ ሥልጣን፣ ሕዝብ ቢጠራጠረው አያስደንቅም። ደግሞም ሃይማኖት ሃይማኖትን በጠረጠረበት በዚያ ዘመን፣ በአብዛኛው ሂንዱ የሆነ ሕዝብ ለአንድ ሙስሊም ተጫዋች ሲል መቆሙ ሊዘነጋ የሚገባው ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1946 ሙሽታቅ ዳግመኛ ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። በሎርድስ አልተሰለፈም። በማንችስተር ግን ከመርቻንት ጋር ከፍቶ ከመቶ በላይ ሩጫ አብረው አስመዘገቡ፤ ሜዳው ያው ኦልድ ትራፎርድ፣ ሰዎቹም ያው ሁለቱ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ብዙ ሙስሊም ተጫዋቾች ወደ አዲሲቱ ፓኪስታን ሲሄዱ ሙሽታቅ ኢንዶርን አልለቀቀም። በኋላ የፓኪስታን መሪ የሆነው ዙልፊካር ዓሊ ቡቶ የልብ አድናቂው ስለነበረ እንዲመጣ ለምኖት እንደነበር ይነገራል። እሱ ግን የተወለደበትን አፈር መረጠ። በዚያው ዓመት ወደ አውስትራሊያ ለሚጓዘው ቡድን ምክትል አለቃ ሆኖ ተመረጠ፤ ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ በመሞቱ ከጉዞው ቀረ። ሹመት በመጣ ጊዜ ቤተሰቡን አስቀደመ።

ከዌስት ኢንዲስ ጋር በተደረገው የ1948/49 ተከታታይ ውድድር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አልተመረጠም። በሦስተኛው በካልካታ ሲሰለፍ 54 እና 106 አስመዘገበ። የመጨረሻው የቴስት ጨዋታው በፌብሩዋሪ 1952 በማድራስ፣ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ነው። ከፓንካጅ ሮይ ጋር ከፈተ፤ ሕንድም በአንድ ሙሉ ዙርና በ8 ሩጫ ብልጫ አሸነፈች። ይህ ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ የተገኘው የሕንድ የመጀመሪያው የቴስት ድል ነበር። በ1934 እንደ ወርዋሪ የገባው ሰው፣ የ37 ዓመት መክፈቻ ሆኖ በዚህ ድል ተሰናበተ።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የተጫወተው 11 የቴስት ጨዋታ ብቻ ነው፤ በእነዚህም 612 ሩጫ አስመዝግቧል። አማካዩ ከመርቻንት በብዙ ያንሳል፤ በቁጥር ብቻ የሚፈርድ መራጭም መርቻንትን ማስቀደሙ ተገቢ ነው። ኦልድ ትራፎርድ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው። ጥንዶችን የሚመርጥ ሰው ሁለት ተመሳሳዮችን አይሻም፤ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው የሚጠብቅ፣ አንዱ የሌላውን ሸክም የሚያቀል ይሻል። ሙሽታቅ ወርዋሪውን ሲያስጨንቅ መርቻንት ይረጋጋ ነበር፤ መርቻንት ሲጸና ሙሽታቅ ነጻነት ያገኝ ነበር። ለዚህም ከሁሉ አስቀድሞ በመካከላቸው መተማመን ያስፈልግ ነበር፤ ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሕይወቱን በባልደረባው ጥሪ ላይ ይጥላልና።

ሙሽታቅ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት በድምሩ ከ13,000 በላይ ሩጫና 30 መቶዎችን አስመዝግቦ ከጨዋታ ከራቀ በኋላ ኑሮውን በኢንዶር አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ኒሻን ሰጠው። ልጁና የልጅ ልጁም ክሪኬት ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2005፣ በዘጠና ዓመቱ፣ በተወለደባት ከተማ ዐረፈ። ዛሬ የሕንድ ክፍላተ ግዛት ቡድኖች በየዓመቱ የሚፎካከሩበት፣ እያንዳንዱ ወገን 120 ኳስ ብቻ የሚያገኝበት ፈጣን ውድድር በስሙ ይጠራል። በዘመኑ መራጮች እንደ ጉድለት የቆጠሩበት ወደፊት እየሮጡ መምታት፣ በዚህ ውድድር የሚሰለፍ ወጣት ሁሉ እንዲያሳይ የሚጠየቀው ችሎታ ሆኗል።