ከወተት ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ እስከ ዌስት ፖይንት በር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምዕራብ አውሮፓ የተባባሪ መንግሥታቱን ጦር በጠቅላይ አዛዥነት የመሩት፣ እ.ኤ.አ ከ1953 እስከ 1961 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትና በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ተቀብለው ያስተናገዱት ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ወደ ውትድርና የገቡት በቤተሰብ ወግ አልነበረም። እንዲያውም ያደጉበት ቤት ጦርነትን አጥብቆ የሚያወግዝ ሃይማኖተኛ ቤት ነበር።

አይዘንሃወር እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 1890 በቴክሳስ ግዛት ዴኒሰን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በካንሳስ ግዛት፣ አቢሊን በተባለች አነስተኛ ከተማ ነው። አባታቸው በከተማዋ የወተትና ቅቤ ፋብሪካ በመካኒክነት ያገለግሉ ነበር። በቤቱ ስድስት ወንዶች ልጆች ያደጉ ሲሆን፣ የአባት ደመወዝ ከዕለት ጉርስ አልፎ ለኮሌጅ ክፍያ የሚበቃ አልነበረም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው መጀመሪያ ላይ የደረሰባቸው ሕመም የኋላ ታሪካቸውን ከመነሻው ሊቀጨው ተቃርቦ ነበር። ወድቀው የተላጠ ጉልበታቸው አመርቅዞ ደማቸው ተመረዘ፤ ሐኪሙም እግራቸው እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረበ። ታዳጊው አሻፈረኝ አሉ፤ ታላቅ ወንድማቸው ኤድጋርም ማንም በእግራቸው ላይ ቢላዋ እንዳያሳርፍ ከአልጋቸው ሥር ዘብ ቆመ። እግሩ ዳነ፣ ነገር ግን የትምህርት ዓመቱ ባከነ። ይህ የባከነ ዓመት በኋላ ከዕድሜ ገደብ ጋር ያጋጫቸው መሆኑ ልብ ይሏል።

በ1909 ሁለቱ ወንድማማቾች ትምህርት ሲጨርሱ በመካከላቸው ውል ገቡ፤ አንዱ እየሠራ ሌላው በዩኒቨርሲቲ እንዲማር፣ ከዚያም ተራ እንዲለዋወጡ። ኤድጋር ወደ ሚሺጋን ሄደ። ድዋይት አባታቸው በሚሠሩበት ፋብሪካ ተቀጠሩ። በመጀመሪያ 130 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ የበረዶ ግንዶችን እየጎተቱ፣ ቀጥሎም በእሳት አንዳጅነት፣ በመጨረሻም በሌሊት ፈረቃ ኃላፊነት አገለገሉ። ሥራው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ በጠቅላላው በሳምንት 84 ሰዓት ሲሆን፣ የወር ደመወዙ 90 ዶላር ነበር። በትምህርት ቤት ሳሉ በኳስ ሜዳ የጠነከረው አካላቸው በዚህ ሥራ ይበልጥ ፈረጠመ።

በ1910 የከተማው ሐኪም ልጅ ኤቨረት ሃዝሌት ወደ አቢሊን ተመለሰ። ሃዝሌት የባሕር ኃይል አካዳሚ ለመግባት ታጭቶ በሒሳብ ፈተና የወደቀ ወጣት ነበር። ማታ ማታ ወደ ፋብሪካው እየመጣ ከአይዘንሃወር ጋር ይጨዋወት፣ በደንብ በታጠበ አካፋ ላይ እንቁላል ይጠብስ፣ አብሮትም እንዲፈተን ይጎተጉት ጀመር። በአካዳሚው ትምህርት በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ለአይዘንሃወር ከማንኛውም ክርክር በላይ ነበር። የሥራው ሰዓት ፋታ ሲሰጥ ሁለቱ አብረው ያጠኑ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥናት ብቻውን አይበቃም። ወደ አካዳሚው የሚያስገባው ዕጩነት በምክር ቤት አባላት እጅ ነበር፤ የአይዘንሃወር ቤተሰብ ደግሞ ሴናተሩ ዘንድ የሚያደርስ ባለሥልጣን ዘመድ አልነበረውም። ወጣቱ ከጋዜጣ አዘጋጆች፣ ከፖስታ ቤቱ ኃላፊና ከነጋዴዎች ዘንድ በር እያንኳኩ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ጠየቁ። ደብዳቤዎቹ በብዛት የመሰከሩት ስለ አባታቸው ሐቀኛነትና ስለ ልጁ ታታሪነት ነበር። ይህ የደጅ ጥናት ለኩሩ ወጣት የበረዶ ግንድ ከመጎተት ይቀል ነበር ለማለት ያዳግታል።

ሴናተር ጆሴፍ ብሪስቶው ግን ዕጩዎቻቸውን በውድድር ፈተና ይለዩ ነበር። አይዘንሃወር በኦገስት 1910 ለሴናተሩ በጻፉት ማመልከቻ በመጪው መኸር አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሚሞላቸው ገለጡ። እውነቱ ግን ሃያ ነበር። ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ ለባሕር ኃይሉ የዕድሜ ጣሪያው ሃያ ነበርና።

በኦክቶበር 1910 በቶፒካ ከተማ ስምንት ተወዳዳሪዎች ተፈተኑ። አይዘንሃወር ለዌስት ፖይንት ከቀረቡት መካከል ሁለተኛ ወጡ፤ ብሪስቶውም ለዚያው አጯቸው። ልባቸው በባሕር ኃይሉ ላይ ቢሆንም ዕድሜያቸው በሩን ዘግቶባቸው ነበር። ቀሪውን ጊዜ የጨረሱት ትምህርት ቤት ተመልሰው ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ በመከለስ ነው። በጃንዋሪ 1911 በሴንት ልዊስ አጠገብ በሚገኘው ጄፈርሰን የጦር ሠፈር የጽሑፍ ፈተናውንና የጤና ምርመራውን አለፉ። እዚያም ሳሉ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በጉም መንገድ ስተው አመሹና በዘብ ላለመያዝ ግንብ ተንጠላጥለው ገቡ፤ የወደፊቱ ጠቅላይ አዛዥ የጦር ሠፈርን ደንብ መጀመሪያ የተዋወቁት በመጣስ ነበር።

በጁን 1911 አንድ ሻንጣ ይዘው ከቤት ወጡ። ጦርነትን የሚጠሉት እናታቸው አይዳ የልጃቸውን ምርጫ አልተቃወሙም፤ በረንዳው ላይ ቆመው ሸኟቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ወደ ክፍላቸው ገብተው አለቀሱ። እናቱ ሲያለቅሱ የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነበረ ታናሹ ልጅ ሚልተን ለዘመናት ሲያስታውሰው ኖሯል።

አይዘንሃወር በመንገዳቸው ኤድጋርን በሚሺጋን ጎብኝተው ጁን 14 ቀን ዌስት ፖይንት ገቡ። አዲስ ገቢዎችን የሚያስለቅሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጩኸትና ሩጫ ለእሳቸው አዲስ አልሆነም፤ ከብዙዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሌሊቱን በእቶን ፊት የሠሩ ነበሩና። በ1912 ጉልበታቸው በኳስ ጨዋታ ክፉኛ ተጎድቶ መኮንን የመሆን ተስፋቸው ዳግም አጠያያቂ ሆነ። ሆኖም በ1915 ከ164 ምሩቃን 61ኛ ሆነው የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ ተቀበሉ።

መጋቢት መጨረሻ 1969 በ78 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ አስከሬናቸው በባቡር ወደ አቢሊን ተጓጉዞ ከልጅነት ቤታቸው አጠገብ ተቀብሯል።