ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወንዝ ዳር፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወት

በእኛ ትምህርት ክፍል ስለወደፊቱ ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ዲግሪውን እንያዝ፣ ሥራ እንፈልግ፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል። በዓለም ስማቸው የገነነ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ሲነሱ ደግሞ ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ፍላጎቱና ትጋቱ ያለው ተማሪ ዓይኑን መጣል ያለበት ትልቁ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህን የምለው እንዲያው ለወሬ ያህል ሳይሆን የአንድ ሰው ሕይወት ስላሳመነኝ ነው።

ለነገሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ጊንጪን አልፈን የምናገኛት ኦሎንኮሚ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የትውልድ ቀዬ ናት። ከዚያ ተነስተው በጅማና በዓለማያ ተምረው፣ በመጨረሻም አሜሪካ አገር ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ስለ እሳቸው በአካባቢያችን ብዙ ስለሚነገር ዛሬ የማነሳው ከእሳቸው የሚቀድሙትን፣ ካረፉም ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የሆናቸውን ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እሳቸውን የመረጥኩት በእንዶድ ምክንያት ነው። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በሐሮ ወንጪ ዙሪያ ላደገ ሰው እንዶድ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በኦሮምኛ ሀንዶዴ እንለዋለን። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። እናቶቻችን ለዘመናት አጥበውበታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆኖ ግን ከልብስ ማጠቢያነት አሳልፈን አስበነው አናውቅም።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ሄደው ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በመማር በ1964 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ጆንስ ሆፕኪንስ ተራ ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1876 ሲከፈት ጀምሮ መምህሩም ተማሪውም አዲስ እውቀት እንዲፈልጉ ታስቦ የተቋቋመ፣ በአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ፋና ወጊ የሚባል ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለትም እንግዲህ ይኸው ነው። መምህሩ ሌላው ያወቀውን ብቻ አያስተምርም፤ ገና ያልታወቀውን ይፈልጋል፤ ተማሪውንም በፍለጋው ያሳትፈዋል።

ዶክተር አክሊሉ ዲግሪያቸውን እንደያዙ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዚያ ከውኃ የሚይዝ በሽታ ነው። የጥገኛው ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ተበጠሰ ማለት ነው።

ታዲያ ዶክተሩ በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ አስቀመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ጠብ እንድታደርግበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቀጥሎም ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውኃ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገድል መለካት ጀመሩ።

እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። እንዶዱ የእኛ ነው፤ ወንዙም የእኛ ነው፤ የሞቱት ቀንድ አውጣዎችም ከእሳቸው በፊት እዚያው ነበሩ። ባልቲሞር የጨመረላቸው ነገር ቢኖር ጥያቄ የመጠየቅና ጥያቄውን በፈተና የማረጋገጥ ልማድ ነው። የትልቅ ምርምር ዩኒቨርሲቲ ትርፉ ይህ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራቸው ደግሞ የተማሩትን ተቋም አምሳያ አገራቸው ላይ መትከላቸው ነው። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ጥናት ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሰባት በመቶ! በደጃችን በሚበቅል ፍሬ።

ይህን ያነበበ ሰው ዓለም በደስታ የተቀበለው ይመስለዋል። አልሆነም። በወቅቱ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚያገለግለው ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ ኬሚካል ነበር። የአፍሪካ ላቦራቶሪ ያወጣው ውጤት ግን በቀላሉ የሚታመን አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት የእንዶድ ጉዳት አልባነት በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት እንደገና እንዲፈተሽ ጠየቀ። ለዚያ የሚሆን መሣሪያና ገንዘብ አገር ቤት አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ ከሳይንሱ ይልቅ በአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ላይ ካለው አለመተማመን የመነጨ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ደንቡ የሚጠይቀው የመርዛማነት ምርመራ እስኪሟላ 1990 አካባቢ ደረሰ። ከአድዋው ወንዝ ሲቆጠር ሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው።

በነዚያ ዓመታት ያቆያቸው በከፊል የምርምር ዓለሙን መንገድ ማወቃቸው ይመስለኛል። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የእንዶድ ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ዓይነት 44 የሚባለውን ብርቱ ዝርያ መረጡ። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በዩኒሴፍም ጭምር አገልግለው በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ሁሉም ነገር በድል ተደመደመ ማለቴ አይደለም። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ከመጣ ወዲህ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ዋናው መሣሪያ እሱ ሆኗል፤ እንዶድም እንደታሰበው አልተስፋፋም። በሌላ በኩል በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን አንድ የቀንድ አውጣ ዘመድ ሲያስቸግር፣ ዶክተር አክሊሉ የተሳተፉበት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ምርምር እንዶድ እሱንም እንደሚገድል አሳየ። በ1990ዎቹ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን የያዘው ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በእናቶቻችን እጅ የኖረ እውቀት ባለቤትነቱ የተመዘገበው መለካትና መመዝገብ በሚችለው ተቋም ስም ነው እኮ። እኛ እዚያ ደረጃ ካልደረስን ነገም እንዲሁ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ ሁሉ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው ይሉኛል። ግን ብዙዎቹ የአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ትተውለት፣ በምርምርና በማስተማር ረዳትነት ለመኖሪያው ይከፍሉታል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ በሩ ግን የተዘጋ አይደለም። አገር ቤትም ቢሆን አዲስ አበባን፣ ጅማንና ሐረማያን ጨምሮ 8 ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ተለይተዋል። የሄደ አይመለስም የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። ዶክተር አክሊሉ ግን የተመለሱት ትልቁን ሥራ ለመጀመር ነው።

ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰውስ ምን ይጠቅመዋል ለሚል፣ ይጠቅመዋል እላለሁ። አድዋ ላይ የሆነው ነገር የጥሩ ዘጋቢ ሥራም ነው፤ ማየት፣ መጠየቅ፣ የሚያውቀውን ሰው ማማከር፣ ከዚያ ማረጋገጥ። ይህን በጥልቀት የሚያስተምር ቦታ ካለ እዚያ መግባት መመኘት ትዕቢት አይደለም።

ስለዚህ ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ከመመረቃችን በፊት ገና ጊዜ አለን። ውጤታችንን እናስተካክል፤ እንግሊዝኛችንን እናሻሽል፤ መምህራኖቻችንም የሚያካሂዱት ጥናት ካለ መጠይቅ በመበተንም ቢሆን እንዲያስገቡን እንጠይቃቸው። መምህራንም ደጅ ስንጠና ታገሱን። የሚቀጥለው እንዶድ በወንጪ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ማሳ ዳር በቅሎ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለይቶ የሚያጠናው ሰው ግን ከእኛ መካከል መውጣት አለበት።

ቸር እንሰንብት።