ጆን ውልማን፤ ሃይማኖቱን በሱቁና በብዕሩ የኖረ ሰው

ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቀር፣ በገበያና በጽሕፈት ቤት ግን ስፍራ የሌለው ነገር የሚመስላቸው ሰዎች በየዘመኑ አልታጡም። እሑድ ሲጸልይ የዋለ ነጋዴ ሰኞ ሚዛን ቢያጓድል፣ ጾሙን የሚጠብቅ ጸሓፊ ለግፍ የሚሆን ወረቀት ቢያዘጋጅ፣ ሥራ ሌላ ሃይማኖት ሌላ ነው እየተባለ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን መለያየት አልቀበልም በማለቱ፣ ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስሙ የሚነሣ አንድ ሰው በሰሜን አሜሪካ ነበረ፤ እርሱም ጆን ውልማን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ውልማን በ1720 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሥር በነበረው በኒው ጀርሲ ተወለደ። ወላጆቹ ዐሥራ ሦስት ልጆች ያፈሩ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ። እነዚህም ሰዎች በጸጥታ ተቀምጠው የሚጸልዩ፣ መሐላና ጦርነት የማይቀበሉ፣ በልብስና በአነጋገር ትሕትናን የሚወዱ ናቸው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ፣ በጎጆዋ አጠገብ የነበረችን አንዲት ወፍ በድንጋይ መትቶ ገደለ። ጫጩቶቿ ያለ እናት በረኃብ እንዳይሠቃዩ ብሎም እነርሱን ደግሞ በእጁ ገደላቸው። በዚህ ሥራው እጅግ ስለ ተጸጸተ፣ ርኅራኄ የጎደለው እጅ አንዱን በደል በሌላ በደል ለመሸፈን እንደሚገደድ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሳውም።

በሃያ አንድ ዓመቱ ከአባቱ እርሻ ወጥቶ፣ ማውንት ሆሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ለአንድ ባለ ሱቅ ሻጭና የሒሳብ ጸሓፊ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያም ሳለ ጌታው የነበረችውን አንዲት ጥቁር ሴት ባሪያ ሸጠና፣ ገዢው ቆሞ ሲጠብቅ የሽያጩን ወረቀት ጻፍ ብሎ ድንገት አዘዘው። ወጣቱ ጸሓፊ የተቀጠረው ለዓመት ነው፤ ያዘዘው ጌታው ነው፤ ገዢውም በዕድሜ የገፋ የገዛ ማኅበሩ አባል ነው። ከዚህም የተነሣ ልቡ እየተጨነቀ ወረቀቱን ጻፈ። ነገር ግን ባሪያ መያዝ ከክርስቲያን ሃይማኖት ጋራ የማይስማማ መሆኑን ማመኑን በጌታውና በገዢው ፊት ተናገረ። ይህን መናገሩ ጭንቀቱን ጥቂት አቀለለለት፤ ሆኖም ያንን ወረቀት ከመጻፍ ይቅርታ ጠይቆ ቢቀር ኖሮ ሕሊናው ይበልጥ ንጹሕ ይሆን እንደ ነበረ ኋላ በማስታወሻው ጽፎአል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ወጣት እንደዚሁ ያለ ወረቀት እንዲጽፍለት በለመነው ጊዜ በመልካም ቃል አልጽፍም አለ።

ኑዛዜ ማጻፍ የሚፈልጉ ጎረቤቶች ወደ ውልማን ይመጡ ነበር። ኑዛዜ መጻፍ ገንዘብና ክብር የሚያስገኝ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለሰው በውርስ የሚተላለፍበትን ኑዛዜ ላለመጻፍ ቆረጠ። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤቱ ክፉኛ ተጎድቶ በአልጋው ላይ ሳለ አስጠራውና ኑዛዜውን ነገረው። ውልማን ስለ ባሪያይቱ ከተነገረው ክፍል በቀር ሌላውን ሁሉ ጽፎ በአልጋው አጠገብ አነበበለት። ለደከመበት ዋጋ እንደማይቀበል፣ የቀረውን ክፍል ግን ሕሊናው ሳይታወክ ሊጽፈው እንደማይችል በወዳጅነት ቃል አስረዳው። ሁለቱ ረጅም ጊዜ ከተነጋገሩ በኋላ በሽተኛው ባሪያይቱን ነጻ ለማውጣት ፈቀደ፤ ጸሓፊውም ኑዛዜውን ፈጸመ። ቁጣ ወይም ዘለፋ በመካከላቸው አልነበረም።

ውልማን የልብስ ስፌት ተምሮ የራሱን ሱቅ ከከፈተ በኋላ በ1749 ዓ.ም. ሣራ ኤሊስ የተባለችውን አገባ። በመጀመሪያ ለልብስ የሚሆኑ ጥቃቅን ዕቃዎችን፣ ቀጥሎም ጨርቃ ጨርቅ እያመጣ ይሸጥ ነበር። ታማኝነቱ ስለ ታወቀ ንግዱ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ ባለጠጋ የሚሆንበትም መንገድ ተከፈተለት። እርሱ ግን የሒሳብ መዝገቡን ሲመረምር ሁለት ነገር አስተዋለ። አንደኛው፣ የንግዱ ብዛት ሐሳቡን ሁሉ እየያዘበት መሄዱ ነው። ሁለተኛው፣ ድኾች ለኑሮ የማያስፈልጋቸውን ያማረ ዕቃ በዱቤ እየወሰዱ በዕዳ ተይዘው በፍርድ ቤት መከሰሳቸው ነው። ስለዚህ በ1756 ዓ.ም. ንግዱን ለመተው ቆረጠ። ደንበኞቹ ወደ የትኛው ሱቅ መሄድ እንደሚሻላቸው አስቀድመው እንዲያስቡ ሐሳቡን በጊዜው አስታወቃቸው፤ ዕቃውንም ቀስ በቀስ ሸጦ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለ ረዳት በልብስ ሰፊነት፣ ደግሞም የፖም ችግኝ በማፍላት ይተዳደር ጀመር። ንግድን እንደ ኃጢአት አልቈጠረም፤ የንግድ ልክ ግን የነጋዴውም የገዢውም ነፍስ ሊሸከመው የሚችለው ያህል ነው ብሎ ያምን ነበር።

በ1746 ዓ.ም. ወደ ቨርጂኒያና ወደ ካሮላይና ተጉዞ የባሮችን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ነበርና ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ድርሰት ጻፈ፤ በ1754 ዓ.ም. ታተመ። በ1757 ዓ.ም. ወደ ደቡብ በተመለሰ ጊዜ አንድ አዲስ ችግር ገጠመው። የሚያስተናግዱት ወንድሞቹ ባሪያ ያላቸው ነበሩና የሚበላው ምግብና የሚተኛበት አልጋ ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች ድካም የተዘጋጀ ነው። መስተንግዶን እንቢ ማለት ነውር ነው፤ በነጻ መቀበልም ሕሊናውን ይወቅሰዋል። ስለዚህ ጥቃቅን የብር ገንዘብ ይዞ ሄደ። ከየቤቱ ሲነሣ ባለቤቱን ለብቻው ጠርቶ ገንዘቡን ለባሮቹ እንዲያድልለት ይሰጠው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ ለባሮቹ ይሰጣቸዋል። በትሕትና የተሰጠ በመሆኑ እንቢ ያለው ጥቂት ነው።

በመንግሥት ትእዛዝም በኩል እንዲሁ ተፈተነ። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በአሜሪካ በሚዋጉበት ጊዜ ለጦርነት የሚውለውን ግብር አልከፍልም ያለ ቢሆንም ዐመፅ አላነሣም። በ1758 ዓ.ም. ወታደሮችን እንዲያሳድር በታዘዘ ጊዜ፣ ለባለ ሥልጣን መታዘዝ ተገቢ ነው ብሎ አንዱን ወታደር በቤቱ ሁለት ሳምንት ያህል በደኅና አሳደረው። መኰንኑ የተወሰነውን ኪራይ ሊከፍለው ሲመጣ ግን ከጦርነት ገንዘብ ማትረፍ አልፈልግም ብሎ ሳይቀበል ቀረ።

በዚሁ ዓመት በፊላደልፊያ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ባሮች ነጻነት ክርክር ተነሣ። ብዙዎች ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይቈይ ሲሉ፣ ውልማን ተነሥቶ የተገፉት ሰዎች ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ደርሶአልና ጥቅማችንን ወይም ወዳጅነታችንን ተመልክተን ማዘግየት አይገባንም በሚል ሐሳብ ተናገረ። ጉባኤውም ባሪያ ያላቸውን አባሎች በየቤታቸው እየዞሩ የሚመክሩ ሰዎችን መረጠ፤ ውልማን ከእነርሱ አንዱ ሆነ።

ይህ ሰው ሌላውን ከመምከሩ በፊት የራሱን ቤት ይመረምር ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጁ ጋራ የአንድ ሟች ኑዛዜ አስፈጻሚ በነበረ ጊዜ፣ አንድን ጥቁር ልጅ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው እንዲያገለግል ሸጠው ገንዘቡን ለውርሱ አግብተው ነበር። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ የጠየቀውም ሰው የለም። ውልማን ግን በ1769 ዓ.ም. ነገሩን አስታውሶ፣ ልጁ ቀድሞ ነጻ እንዲወጣ የመጨረሻውን የአራት ዓመት ተኩል አገልግሎት ዋጋ ለገዢው ከኪሱ ለመክፈል በጽሑፍ ግዴታ ገባ። ቀደም ሲል በሱቁ ይሸጣቸው የነበሩትን ስኳርና ሌሎች በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች በባሮች ጕልበት የተመረቱ ዕቃዎችም እርም አላቸው።

ወደ 1762 ዓ.ም. ገደማ ቀለም የተነከረ ልብስ መልበስም ተወ፤ ቀለሙ እድፍን ከመሸሸግ በቀር ጥቅም የለውም ይል ነበር። ባልተነከረ ባርኔጣ መታየት ሲጀምር አንዳንድ ወዳጆቹ ልታይ ባይነት መስሎአቸው ሸሹት። ይባስ ብሎ ያ ዓይነት ባርኔጣ በዚያው ጊዜ በጌጠኞች ዘንድ የወቅቱ ፋሽን ሆኖ ተገኘ፤ ውልማንም በዚህ ተጨንቆ እንደ ነበረ ጽፎአል።

በ1772 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፣ የመርከቡ የክብር ክፍል በከንቱ ጌጥ የተሠራ ነው ብሎ መርከበኞቹ በሚተኙበት በታችኛው ክፍል ተጓዘ። በዚያም የወጣት መርከበኞችን መከራ በቅርብ ተመለከተ። ለንደን ከደረሰ በኋላ፣ ለፍጥነት ሲባል ፈረሶች እየተነዱ እንደሚሞቱ፣ ልጆች ነጂዎችም በሌሊት ብርድ እንደሚሠቃዩ ስለ ሰማ በፈጣን ሠረገላ አልሳፈርም ብሎ ወደ ሰሜን በእግሩ ተጓዘ። ዮርክ ከተማ እንደ ደረሰ በፈንጣጣ ታመመ፤ ጥቅምት 7 ቀን 1772 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ዐርፎ እዚያው ተቀበረ።

ማስታወሻው በ1774 ዓ.ም. ታተመ። በ1776 ዓ.ም. የፊላደልፊያ ጉባኤ ባሪያውን ነጻ የማያወጣ ሰው የማኅበሩ አባል ሊሆን አይችልም ሲል ወሰነ። የእንግሊዝ ምክር ቤት የባሪያን ንግድ የከለከለው በ1807 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካም ባርነት በሕገ መንግሥት የተሻረው በ1865 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ውሳኔዎች ያስገኘው የብዙ ሰዎች ድካም ነው እንጂ ውልማን ብቻውን አይደለም። እርሱ ሠራዊት አልነበረውም፤ ሹመትም አልነበረውም፤ ትቶት የሄደውም ሀብት ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዕር የያዘ ጸሓፊ የሚጽፈውን ወረቀት ፍሬ ነገር፣ ሚዛን የያዘ ነጋዴም የሚሸጠውን ዕቃ መነሻ ሊጠይቅ እንደሚገባው አሳይቶአል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ታዝዤ ነው በማለት፣ ነጋዴም ገበያው ነው በማለት ከኀላፊነት የሚሸሽበት መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ውልማንም ያንን መንገድ ያውቀዋል፤ በወጣትነቱ አንድ ቀን ሄዶበታልና። ከዚያ በኋላ በቀሩት ሠላሳ ዓመታት ግን እንዳይመለስበት በየቀኑ ሥራ ተጠንቅቆ ኖረ።